ሟች ለመሐላ አይጠራም

መርካቶ ውስጥ አንድ ነጋዴ ሲሞት ሰውየው ብቻውን አይቀበርም። ለማን ስንት ጣቃ በዱቤ እንደሰጠ፣ ከማን ስንት ሺህ ብር «ለሳምንት ነው» ብሎ እንደተቀበለ፣ በመሳቢያው ካሉት ቼኮች የትኛው ለክፍያ የትኛውስ ለመያዣ ብቻ እንደተጻፈ የሚያውቅ አንድ ጭንቅላት አብሮት አፈር ይለብሳል። የሚቀረው ደብተር ነው። ደብተሩን ደግሞ ብዙ ጊዜ ከጸሐፊው በቀር የሚፈታው የለም። «የወልድያው 40»፣ «ቀዩ፣ ግማሹን»፣ «ሐጂ፣ ከበዓል በኋላ»። አርባው አርባ ሺህ ብር ይሁን አርባ ጣቃ፣ ቀዩ ሰጪ ይሁን ተቀባይ፣ ሚስትም ልጅም አያውቁም።

ከዚያ ድንኳን ይተከላል። ባለገንዘቡም ከለቀስተኛው ጋር ይቀመጣል። ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ከልቡ ያዝናል፤ በሆዱ ግን ሒሳብ ያሰላል። ሠልስት ሳይወጣ ገንዘብ የጠየቀ ሰው በተራው ውስጥ ስሙ ይጠፋል። ዐሥር ዓመት የለፋበትን ስም በአንድ ጥያቄ ያጣል። አርባ እስኪወጣ የታገሠ ደግሞ አንዳንዴ ሲነቃ ሱቁ ባዶ ሆኖ፣ ዕቃው ተሽጦ፣ ወራሾቹም ተከፋፍለው ያገኛቸዋል። ይሉኝታና ገንዘብ እንዲህ ፊት ለፊት የሚገጥሙበት ሌላ ቦታ እኔ አላውቅም።

ለመሆኑ በአገራችን የሟች ዕዳ እንዴት ይጠየቃል? ጥያቄው የጠበቆች ብቻ ይመስላል። ነገር ግን ከአስመጪ እስከ ጅምላ ሻጭ፣ ከጅምላ ሻጭ እስከ ቸርቻሪ፣ ከቸርቻሪ እስከ ደሴና ባሕር ዳር ነጋዴ የተዘረጋው ሰንሰለት በሙሉ በዱቤ የተያያዘ ነው። አንዱ ቀለበት በሞት ሲበጠስ የሚንገዳገደው ብዙ ነው። የዚህ ጸሐፊ አቋም ይህ ነው፦ የውርስ ሕጋችን በአመዛኙ ደህና ሕግ ነው፤ ሕጉ ያዘዘውን ሥራ የሚሠራው ግን የለም። ከዚያም አልፎ አንዲት ያረጀች አንቀጽ ሐቀኛውን ባለገንዘብ በር ላይ ታስቀረዋለች።

ከሕጉ እንጀምር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው፣ ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ረኔ ዳቪድ ያረቀቀው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ሰው ሲሞት መብቱና ግዴታው ወደ ወራሾቹ እንደሚተላለፍ ይደነግጋል። ዕዳ ከሜዳ የሚለው ተረት ለወራሽ ሲሆን ግን ልጓም አለው። ወራሽ የሚጠየቀው ከውርሱ በደረሰው መጠን እንጂ ከራሱ ኪስ አይደለም። ውርሱ ተጣርቶ እስኪያልቅ ድረስ ደግሞ የሟቹ ንብረት ራሱን እንደቻለ፣ ከወራሾቹ ሀብት እንደተለየ ንብረት ይቆጠራል። ይህ ለባለገንዘብ ትልቅ ጥበቃ ነው፤ የወራሹ የግል ባለዕዳነት የሟቹን ሀብት እንዳይበላው ይከላከላልና።

ማጣራት ሲባልም ዝም ብሎ መከፋፈል አይደለም። አጣሪው ወራሾችን ይለያል፣ ሀብቱን ይቆጥራል፣ ለሟቹ የሚከፈለውን ይሰበስባል፣ ሟቹ የሚከፍለውን ይከፍላል። ባለገንዘቦችን ፈልግ ተብሎም ታዝዟል፤ መዝገብና ወረቀት ማገላበጥ ሥራው ነው። አንቀጽ 1014 የአከፋፈሉን ቅደም ተከተል ይነግረናል፦ መጀመሪያ የቀብር ወጪ፣ ቀጥሎ ውርሱን ለማስተዳደርና ለማጣራት የወጣው፣ ከዚያ የሟቹ ዕዳ፣ ከዕዳ በኋላ ቀለብ፣ በመጨረሻም በኑዛዜ የተሰጡ ስጦታዎች። ልጆች የሚካፈሉት ከዚህ ሁሉ የተረፈውን ነው።

እዚህ ላይ አንባቢን ፈገግ የምታሰኝ ቁም ነገር አለች። ሕጉ የቀብር ወጪ ቅድሚያ የሚያገኘው ከሟቹ የኑሮ ደረጃ ጋር ሲመጣጠን ነው ካለ በኋላ የተዝካር ወጪን ከዚህ ቅድሚያ ያወጣዋል። ማለትም በሬ ታርዶ፣ ጠላ ተጠምቆ፣ ሰፈር የበላበት ድግስ ከባለገንዘቡ አይቀድምም። አርቃቂው ከፓሪስ ቢመጣም የአገሩን ነገር የነገረው ሰው እንደነበረ ይታያል። በተግባር ግን ተዝካሩ በአርባኛው ቀን ተበልቶ ያልቃል፤ ባለገንዘቡ ፋይሉን የሚከፍተው ከስድስት ወር በኋላ ነው። የተበላ በሬ አይመለስም። ባለገንዘቡም ራሱ ከበሉት አንዱ ሊሆን ይችላል።

ወደ ዋናው ጣጣ ልግባ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ የገንዘብ ብድር ሊረጋገጥ የሚችለው በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በሚሰጥ እምነት ወይም መሐላ ብቻ ነው ይላል። ምስክር መቁጠር አይቻልም። ተራው በሙሉ ገንዘቡ ሲቆጠር ቢያይ እንኳ ምስክርነቱ አይሰማም።

500 ብር በ1952 ዓ.ም. ምን ነበር? በዚያን ጊዜ ምንዛሪ ወደ 200 የአሜሪካ ዶላር ይጠጋ ነበር። ለአንድ የመንግሥት ሠራተኛ የወራት ደመወዝ ነው። የውጭ ምንዛሪው በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ያው 500 ብር 5 ዶላር አይሞላም። መርካቶ ውስጥ ሁለት ሰው ምሳ ቢበላበት መልስ አያስመልስም። ሕግ አውጪው ለከባድ ብድር ብቻ ያሰበው ጥንቃቄ ዛሬ ሁሉንም ብድር ሸፍኖታል። ከስድሳ ዓመት በላይ ማንም አልነካውም። መንግሥት ሦስት ጊዜ ተለውጧል፤ ቁጥሯ ግን እንደቆመች ናት።

ተበዳሪው በሕይወት እያለ አንቀጿ ያን ያህል አትጎዳም። ወረቀት ከሌለ ፍርድ ቤት ቀርቦ እንዲያምን ወይም እንዲምል መጠየቅ ይቻላል፤ በመርካቶ ደግሞ በቁርኣን ወይም በወንጌል ፊት ዋሽቶ ሱቁን መክፈት የሚደፍር ብዙ አይደለም። ሲሞት ግን ይህ መውጫም ይዘጋል። ሟች አያምንም፣ አይክድም፣ አይምልም። ወራሾቹ ቢጠየቁ «አናውቅም» ይላሉ፤ በአብዛኛው ደግሞ እውነታቸውን ነው። እንግዲህ ያለወረቀት ያበደረ ሰው መብቱ በሕግ አልተሰረዘም፤ ዐሥር ዓመት የሚቆይ የይርጋ ጊዜም ተሰጥቶታል። የሚያሳየው ማስረጃ ግን የለውም። የማይከፈት በር ላይ ዐሥር ዓመት መቆም ይችላል ማለት ነው።

አንዳንዶች «ታዲያ ለምን በባንክ አያስተላልፍም?» ይላሉ። ያስተላልፋል። ነገር ግን የባንክ ወረቀት ገንዘብ ከአንዱ ወደ ሌላው መሄዱን ያሳያል እንጂ ለምን እንደሄደ አይናገርም። ወራሹ «ይህ እኮ ለአባቴ የነበረበትን ዕዳ የከፈለበት ነው» ቢል ወረቀቱ ለእሱም ያገለግላል። ለዚህ ነው ልምድ ያላቸው ሰዎች ሲያስተላልፉ ምክንያቱን «ብድር» ብለው የሚያስጽፉት። አንዲት ቃል ናት፤ በኋላ ግን ከብዙ ምስክር ትበልጣለች። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዋጋ ሰጥቷል። በስልክ የተላከች «ያችን ሦስት መቶ ሺህ እስከ ፋሲካ እመልሳለሁ» የምትል መልእክት ከባዶ እጅ ትሻላለች። ስልኩ ሲጠፋ፣ ቁጥሩ ሲቀየር አብራ እንዳትጠፋ መጠበቅ ግን የባለቤቱ ፈንታ ነው።

አንድ ልዩነት ደግሞ በብዙ ነጋዴ ዘንድ አይታወቅም። ዕቃ በዱቤ መሸጥ የገንዘብ ብድር አይደለም፤ ሽያጭ ነው። ለተንቀሳቃሽ ዕቃ ሽያጭ ሕጉ በጽሑፍ ይሁን አይልም፤ ስለዚህ በምስክር ሊረጋገጥ ይችላል። ሃምሳ ጣቃ ሲጫን ያዩ ተሸካሚዎችና የጎን ሱቅ ሰዎች ሊመሰክሩ ይችላሉ። ችግሩ በረጅም የዱቤ ግንኙነት ሁለቱ መደባለቃቸው ነው። ዕቃ ይሰጣል፣ ጥሬ ገንዘብ ይጨመራል፣ ግማሹ ይመለሳል፣ ቀሪው በአዲስ ዕቃ ላይ ይደመራል። በመጨረሻ የሚቀረው አንድ ቁጥር ብድር ይሁን የሽያጭ ቀሪ ዳኛው በምን ይለያል? ክሱን የጻፈው ሰው «ብድር» ካለው በአንቀጽ 2472 ይወድቃል፤ «የዕቃ ዋጋ» ካለው ሊቆም ይችላል። የአንድ ቤተሰብ ጥሪት በአንድ የራፖር ጸሐፊ ቃል ምርጫ ላይ ይንጠለጠላል።

ቼክም የራሱ ታሪክ አለው። የመርካቶ ነጋዴ ቀኑን ወደፊት ገፍቶ ቼክ መጻፍ ልማዱ ነው፤ ቼኩ የክፍያ ሰነድ መሆኑ ቀርቶ መያዣ ይሆናል። በ1952ቱ የንግድ ሕግ መሠረት ግን ቼክ ሲቀርብ ወዲያው የሚከፈል ነው፤ ቼኩን ያወጣው ሰው ከዚያ በኋላ ቢሞትም ቼኩ አይሞትም። በ2013 የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ አብዛኛውን የቀድሞውን ቢተካም የቼክና የሌሎች የሚተላለፉ ሰነዶች ክፍል እንደነበረ ቀጥሏል። ስለዚህ የሞት ዜና እንደተሰማ ባንክ ደጃፍ የሚሰለፉ ሰዎች አሉ። ሒሳቡ ባዶ ከሆነ በሕይወት ያለ ሰው በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 ይጠየቅ ነበር። ሟች ግን አይከሰስም፤ የወንጀል ማስፈራሪያው ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል። የሚቀረው በፍትሐ ብሔር ክስ በወራሾች ላይ መሄድ ነው። ለዚህም ቢሆን ቼክ የያዘ ሰው በአጭር ሥነ ሥርዓት መክሰስ ስለሚችል ከባለ ደብተሩ በእጅጉ ይሻላል።

ከሁሉም የተሻሉት ሁለት ባለገንዘቦች ናቸው፦ ባንክና መንግሥት። ባንኩ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ያስያዘውን ቤት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ በሐራጅ ይሸጣል። ሐዘንተኛ ቤት መሆኑ ቀኑን አያራዝምም። መንግሥት ደግሞ ክስ መመሥረት እንኳ አያሻውም። የሟቹ ቤት ወይም መኪና ወደ ወራሽ ስም እንዲዞር የግብር ክሊራንስ ይጠየቃል፤ ዕዳው ሳይከፈል ወረቀቱ አይሰጥም፤ ወረቀቱ ሳይሰጥ ስም አይዞርም። ያለ ጠበቃ፣ ያለ ቀጠሮ፣ ያለ ምስክር፣ መንግሥት ገንዘቡን ያገኛል። በዚህ አልቀናም፤ ግብር መከፈል አለበት። የምጠይቀው፣ ለራሱ ይህን የመሰለ በር ማበጀት የቻለ መንግሥት ድሩን በዱቤ ለሰጠ ነጋዴ ትንሽ መስኮት ማበጀት እንዴት አቃተው የሚለውን ነው።

መስኮቱ የት ሊሆን እንደሚችል ግልጽ ነው። በአንቀጽ 996 መሠረት ወራሽ ፍርድ ቤት ሄዶ የወራሽነት ማስረጃ ያወጣል። አዲስ አበባ ውስጥ ይህን የሚሰጡት የከተማው ፍርድ ቤቶች ናቸው። አመልካቹ የሞት ማስረጃ ያቀርባል፣ ምስክሮች ያሰማል፣ «ልጁ ነው፣ ሚስቱ ናት» ይባላል፣ ማስረጃው ይሰጣል። በዚህ ሒደት ሟቹ ዕዳ ነበረበት ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ማስረጃውን የያዘ ወራሽ ባንክ ሄዶ የቆመውን ሒሳብ ያንቀሳቅሳል፣ ስም ያዞራል፣ ይሸጣል። ሕጉ «መጀመሪያ አጣራ፣ ቀጥሎ ክፈል፣ በመጨረሻ ተካፈል» ያለው በተግባር «መጀመሪያ ተካፈል» ሆኗል። የውርስ አጣሪ የሚሾመው ብዙውን ጊዜ ወራሾቹ እርስ በርሳቸው ሲጣሉ ነው። ከተስማሙ ማንም አያጣራም። ለባለገንዘቡ የወራሾች ፍቅር ከጠባቸው ይልቅ አደገኛ ነው።

በእንግሊዝ በ1925 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ የውርስ አስተዳዳሪው በጋዜጣ ማስታወቂያ አውጥቶ ቢያንስ ሁለት ወር እንዲጠብቅ መንገድ ይሰጠዋል። ጠብቆ ካከፋፈለ ዘግይቶ የመጣ ባለገንዘብ እሱን በግሉ አይጠይቀውም። ጥቅሙ ለሁለቱም ነው፤ ባለገንዘቡ ይሰማል፣ ወራሹም ዕረፍት ያገኛል። በእኛ አገር አንድ የማስረጃ ጥያቄ ከመጽደቁ በፊት በሟቹ የንግድ አድራሻ፣ በሱቁ በር ላይ፣ የሠላሳ ቀን ማስታወቂያ መለጠፍ ምን ያህል ያስቸግራል? መርካቶ ውስጥ ወሬ ከጋዜጣ ይፈጥናል።

ነገሩን ከሌላው ወገን ሳናይ ብናልፍ ግን ግፍ ይሆናል። ባሏ የሞተባት ሴት ድንኳን ውስጥ ተቀምጣ በማታውቀው ሰው «ባልሽ አራት መቶ ሺህ ወስዶብኛል» ስትባል ምን ትላለች? ሙት ወቃሽ ላለመሆን፣ የባሏን አጥንት ላለማስወቀስ፣ ያልነበረ ዕዳ የከፈሉ ሴቶች አሉ። የቤተሰብ ሕጉ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ለትዳር ጥቅም የተገባ ዕዳን ከሁለቱም ተጋቢዎች እንዲጠየቅ ስለሚፈቅድ፣ የራሷ የሆነው የጋራ ሀብት ግማሽም ከአደጋ ውጭ አይደለም። በዚህ ጊዜ አንቀጽ 2472 ጋሻዋ ናት። ጥብቅ የማስረጃ ሕግ የተፈለገውም ለዚህ ነው፤ ሙት መልስ ስለማይሰጥ ውሸታም ይደፍራል።

ስለዚህ አንቀጿ ትሰረዝ አልልም። ነገር ግን ከመጣችበት አገር እንኳ ምን እንደሆነች እንይ። ፈረንሳይ ለጽሑፍ ማስረጃ የምትጠይቀውን የገንዘብ መጠን በየጊዜው እያሻሻለች ዛሬ 1,500 ዩሮ አድርሳዋለች። በነጋዴዎች መካከል ለሚደረግ የንግድ ጉዳይ ደግሞ ማስረጃ በማናቸውም መንገድ ይቀርባል። ሙሉ ውል ባይኖርም ከባለዕዳው እጅ የወጣ የጽሑፍ ፍንጭ ካለ ምስክር ይደመጣል። የሟቹ የገዛ እጅ ጽሑፍ፣ «የወልድያው 40» የምትለዋ ሳትቀር፣ በዚህ ሥርዓት የምስክርን በር የምትከፍት ቁልፍ በሆነች ነበር። እኛ የ1952ቱን ልብስ እንደለበስን ቀርተናል፤ ሰፊው ቤት ግን ለራሱ ሦስት ጊዜ ቀይሯል።

ሕጉ ባልደረሰበት ቦታ መርካቶ የራሱን ሥርዓት ሠርቷል። ከሁሉ የምትደነቀው ዕቁብ ናት። ዕጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡን የሚወስደው ዋስ ጠርቶ ነው፤ ጸሐፊው ይመዘግባል፣ ዳኛው ይመሰክራል። ከወሰደ በኋላ ቢሞት ሚስቱ ወይም ወንድሙ በቦታው ገብተው ይጥላሉ፤ ካልቻሉ ዋሱ ይከፍላል። ዕቁብ ጽሑፍም ምስክርም መያዣም ስላላት በሞት እምብዛም አትከስርም። ያው ነጋዴ በዕቁብ ቀን ሁለት ዋስ የሚጠይቀውን ሰው ማግስቱን ሚሊዮን ብር ያለ ወረቀት ያበድረዋል። ለምን ቢባል «ያሳፍራል» ይላል። ወረቀት መጠየቅ «አላምንህም» ማለት መስሎ ስለሚታይ ነው።

ሽምግልናም አለ። አርባ ከወጣ በኋላ የተራው ሽማግሌዎች የወራሾቹን ታላቅና ባለገንዘቦቹን ያስቀምጣሉ፤ ደብተሩ ይወጣል፤ እያንዳንዱ መስመር በሚያውቅ ሰው ይፈታል። ያልተሸጠው ዕቃ ለሰጪው ይመለሳል፣ የቀረው በየወሩ ይከፈላል፣ አንዳንዱም «ለልጆቹ ትቼዋለሁ» ይላል። ሙስሊሙ ዘንድ ጉዳዩ ከዚህም ይፈጥናል፤ ከጀናዛው ሶላት በፊት ከቤተሰቡ አንዱ ቆሞ «ሐቅ ያለው ወደ እኛ ይምጣ» ይላል። ነቢዩ ሙሐመድ ዕዳ ያለበትን ሰው ጀናዛ ከመስገድ ተቆጥበው አቡ ቀታዳ ዕዳውን በራሱ ላይ ከወሰደ በኋላ እንደሰገዱ የሚነገረው ሐዲስ ለብዙው አማኝ ከሕግ አንቀጽ ይበልጥ ይከብዳል። በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የተደራጁት የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶችም ሟቹ ሙስሊም ሲሆንና ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ የውርስ ጉዳይ ያያሉ።

ሽምግልናው ግን የሚሠራው ሰው ሲተዋወቅ ነው። ወራሹ ካናዳ የሚኖር፣ በውክልና የሚሸጥ ልጅ ከሆነ ሽማግሌ የሚልክበት አድራሻ የለም። የሟቹ ዋና ሀብት ሱቁ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ከአዋጅ ቁጥር 47/1967 ወዲህ ብዙው የመርካቶ ሱቅ የቀበሌ ወይም የመንግሥት ቤት ነው። በገበያው ዐይን ሱቁን መያዝ ሚሊዮኖች ያወጣል፤ በሕጉ ዐይን ግን የተከራይነት መብት እንጂ የሟች ንብረት አይደለም። ባለገንዘቡ ሊያስከብረው፣ ፍርድ ቤቱ ሊሸጠው አይችልም። ሁሉም የሚያየው፣ ማንም በመዝገብ የማያሰፍረው ሀብት ነው።

ደብተሩም ቢሆን የማይጠፋ ነገር አይደለም። በጥቅምት 2017 ሸማ ተራ ሲቃጠል ዐይናችን ያየው የወደመውን ዕቃ ነው፤ ሱቅ ሲቃጠል ግን የሚሰበሰበውም የሚከፈለውም ዕዳ የተጻፈበት ወረቀት አብሮ ይነዳል። በማግስቱ ወር፣ በኅዳር፣ የገቢ ሰዎች ያለደረሰኝ ግብይትን ለመቆጣጠር ወደ መርካቶ ሲወጡ ብዙ ሱቅ ተዘጋ። ነጋዴው ደረሰኝን የግብር ሰብሳቢው መሣሪያ አድርጎ ስላየው ሸሸው፤ መንግሥትም ሌላ ጥቅም እንዳለው አስረድቶ አያውቅም። ያቺው ቁራጭ ወረቀት ሻጩ ወይም ገዢው በሞተ ማግስት፣ የሽያጩን ቀንና ዋጋ ይዛ፣ በፍርድ ቤት ያለ መሐላ የምትናገር ብቸኛዋ ምስክር ነበረች።